ፊቷ ከነድምጿ

ነገዬ ሱቅ ገብታ ሳሙና ስጠኝ ካለች ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ዞር ይላል። ፊቷን አውቆ እንዳይመስላችሁ። ፊቷንማ ማን ያውቀዋል! ድምጿን ነው። ያ ከባህር ማዶ የመጣው ተከታታይ ድራማ አለ አይደል፣ እሱ ላይ ምራቷን ከደረጃ ገፍትራ የጣለችው፣ የገዛ ልጇን ሰርግ በውሸት ሕመም ያስቀረችው ክፉ አማት በእኛ ቋንቋ የምታወራው በነገዬ አፍ ነው። አንድ ቀን እንዲያውም ወረፋ ይዘው የነበሩ አንድ አባት ድምጿን ሲሰሙ ከዘራቸውን መሬት ላይ ቆም አድርገው፣ ያቺን ምስኪን ልጅ እስከ መቼ ነው የምታስለቅሻት ብለው ተቆጧት። ነገዬ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ "አባባ፣ እኔ እኮ የታዘዝኩትን ነው የማወራው" አለቻቸው።

"እምቢ አትይም?" አሏት።

ሳሙናዋን ይዛ እየሳቀች ወጣች።

ነገዬ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። ልጅ እግር ሳለች አንድ ፊልም ሠርታ ነበር፤ ከገዛ ሰርጓ ቀሚሷን በእጇ ሰብስባ የምትሮጥ ሙሽራ ሆና። አሯሯጧን ያየ ይመስክር፤ ሰው ከወንበሩ እየተነሳ ሩጪ እያለ ያጨበጭብላት ነበር። የሲኒማ ቤቱ ግድግዳ ላይ ፊቷ ከበሩ በልጦ ተሳለ። ሠዓሊው አንደኛውን ዓይኗን ከሌላው ቢያተልቀውም ማን ልብ ብሎት። ሬዲዮ ላይ ስለ ፊልም የሚያወራ ሰውዬ ደግሞ የነገዋ ኮከብ ተወለደች ብሎ ለፈፈ። ሰፈሩ ይቺን ቃል ይዞ ቀረ። መጀመሪያ የነገዋ አላት፣ ቀጥሎ ነገዋ፣ ሲወዳት ደግሞ ነገዬ። ከዚያ ሁሉም ነገን መጠበቅ ጀመረ። ነገ ግን ነገ እንደሆነ ቀረ።

ተዋናይነቱ አልጎደላትም፤ ዕድሏ ነው ጠማማ። ሁለተኛውን ፊልም የሚያሠሩት ወንድማማቾች ግማሽ ላይ ሲደርሱ ተጣሉና ፊልሙ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆለፈበት። እዚያ ፊልም ላይ ነገዬ አውቶብስ ፌርማታ ቆማ አንድ ሰው ትጠብቃለች። ሰውየው የሚመጣው ሳይቀረጽ በቀረው ግማሽ ነው። ስለዚህ እስከ ዛሬ እዚያው ቆሜያለሁ፣ እግሬ ሊነቀል ነው እያለች ራሷ ትቀልዳለች።

ከዚያ ደግሞ ለአንድ ትልቅ ቴአትር ተመረጠች። አብሯት የሚጫወተው ሰውዬ ስመ ጥር ነው፤ ድምፁ ነጎድጓድ፣ ቁመቱ ግን ነገዬ ትከሻ ላይ የሚቀር። ምን ይሻላል ሲባል መድረኩ ላይ ያለውን ቤትና ደረጃ የሚሠራው አናጺ ሰውየው የሚቆምባት ሳጥን ሠራ። ጎበዝ አናጺ ነው፤ ወለሉን አስመስሎ ቀባት፣ እንዳያዳልጠውም አናቷን ሻከር አደረጋት። ሰውየው ለልምምድ መጣ። ሳጥኗን አየ፣ አናጺውን አየ፣ ነገዬን ከእግር እስከ ራሷ አየ፣ ኮቱን አንስቶ ወጣ። በማግስቱ ነገዬ ስትመጣ አጠር ያለች ልጅ ቦታዋ ላይ ቆማ አገኘች።

አናጺው ነገሩ አንገበገበው። ሳጥኗን በብብቱ ሸጉጦ ቤቷ ድረስ ሄደና በሩ ላይ ተገተረ። ሳጥኗን እያሳያት፣ "እሱን ማስረዘም እንጂ አንቺን ማሳጠር አልችልበትም" አላት። እያለቀሰች የነበረችው ልጅ በሳቅ ፈረሰች። ምን አለፋችሁ፣ ተጋቡ። ሳጥኗም አብራ ገባች።

ዛሬ ሳጥኗ የነገዬ አማት እግር ማሳረፊያ ናት። አማቷ አብረዋቸው ነው የሚኖሩት። ጉልበታቸው እምቢ ካላቸው ወዲህ ከቤት አይወጡም፤ ምላሳቸው ግን እንደ ልቡ ይወጣል ይገባል። ድራማው ሲጀምር ሶፋው ላይ ተደላድለው፣ እግራቸውን ሳጥኗ ላይ ሰቅለው፣ ያቺን ክፉ አማት ያዳምጣሉ። ጎረቤት ሲመጣ ደግሞ ክፋቱን ከእኔ ነው የተማረችው እያሉ ይኩራራሉ። ነገዬን ግን መልከፍ አይተዉም። ተዋናይ አገባሁ ብሎ ልጄ አስጨፈረኝ፤ እኔ ምራቴን ስትሰማ እንጂ ስትታይ አላየሁም ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የሙሽራዋን ፊልም አላዩትም፤ እሱም አርጅቶ የት እንደገባ አይታወቅም። ነገዬ ስቃ ታልፋለች። አንዳንዴ ግን ወጥ ቤት ገብታ ሳህኖቹን ከሚገባው በላይ ታንኳኳለች።

ሥራዋ ጥሩ ነው፤ አትጠላውም። ስቱዲዮው ግድግዳው ሁሉ በስፖንጅ የተለበጠ ጠባብ ክፍል ነው፤ ማዳመጫ፣ ማይክ፣ ከፊት አንድ ስክሪን። የድምፅ ባለሙያው መቅረጽ ሲጀምር ሁልጊዜ ጸጥታ ስለሚል ስሙም ጸጥታ ሆኖ ቀርቷል። ነገዬ የሰውን አፍ በማንበብ የሚወዳደራት የለም። የባህር ማዶዋ ሴትዮ አፏን ስትከፍት ትከፍታለች፣ ስትተነፍስ ትተነፍሳለች፣ ሳቋን ስትውጥ አብራ ትውጣለች። አንድ የአሠራር ዘዴ አላቸው። ከመቅረጻቸው በፊት ታሪኩን ያለ ድምፅ ያዩትና እያንዳንዱ ተዋናይ የሁሉንም ሰው ንግግር በከንፈሩ ብቻ ይለዋል፤ የራሱን ብቻ ሳይሆን የባሉንም፣ የምራቲቱንም፣ የዘበኛውንም። ያኔ የራሱ ተራ መቼ እንደሚመጣ ሰውነቱ ራሱ ያውቀዋል። ነገዬ ይኼን ስታደርግ ዓመታት ነጎዱ። ይቺ ነገር ናት ኋላ ጉድ የሠራቻት።

አንድ ቀን ስቱዲዮው በር ላይ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ቦርሳ ያነገተች ወጣት ጠበቀቻት። ፊልም ዳይሬክተር ናት። ሕፃን ሳለች እናቷ ያንን የሙሽራዋን ፊልም አሳይታት ነበርና ያን ቀን ነው ፊልም እሠራለሁ ያልኩት አለቻት። አሁን ስለ አንዲት እናትና ከቤት ጠፍቶ ስለሚሄድ ልጇ ፊልም ልትሠራ ነው። እናትየዋን እርስዎ እንዲሆኑልኝ ነው የመጣሁት፤ ካሜራ ፊት አንዴ ልይዎትና እንጀምራለን አለች።

ነገዬ ያን ቀን እንዴት ቤቷ እንደደረሰች አታውቀውም። ባሏ ግቢ ውስጥ የወንበር እግር እየላገ ነበር። ፊቱ ቆመችና ነገረችው። ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ኮከብ መሆኑ ይቅርብኝ፤ እሱን ትቼዋለሁ" አለችው። "አንዴ ብቻ፣ ፊቴ ከነድምፄ ባንድ ላይ ይታይልኝ። እናትህም ይዩኝ።"

ባሏ መላጊያውን አስቀመጠና፣ ልጁ ቁመቱ ስንት ነው አላት። ልጅ ሆኖ የሚጫወተውን ማለቱ ነው። ሁለቱም ሳቁ።

የሙከራው ቀን ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ሄደች። ባዶ ክፍል ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ካሜራና መብራት። ልጇ የሚሆነው ጎረምሳ ከፊቷ ተቀመጠ። ልጅየው መሄዴ ነው፣ አትጠብቂኝ እያለ ረጅም ንግግር ያደርጋል፤ እሷ ዝም ብላ ትሰማዋለች፤ መጨረሻ ላይ ብቻ ነው የምትናገረው። ጀመሩ። ነገዬ ሰማችው፣ ዓይኗ ውሃ ሞላ፤ ጊዜው ሲደርስም ንግግሯን አለች። ጨርሳ ቀና ስትል ክፍሉ ዝም ብሏል። ጥሩ ዝምታ መሰላት። ካሜራማኑ ግን ጀርባውን ሰጥቷት አንገቱን ያሻል።

ዳይሬክተሯ ጠርታ የተቀረጸውን አሳየቻት። ጎረምሳው ያወራል፤ ነገዬም ታወራለች። ድምፅ የለም፤ ከንፈሯ ብቻ። መሄዴ ነው ሲል የእሷም ከንፈር መሄዴ ነው ይላል። አትጠብቂኝ ሲል አትጠብቂኝ። አንዲት ቃል አላመለጣትም፤ እንዲያውም ጎረምሳው አንድ ቦታ ሲደናቀፍ እሷ ቀድማው ደርሳለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ለካ ከንፈርም እንደዚያው ነው!

እንደገና ሞከሩ። ከንፈሯን ስትነክስ የተቆጣች መሰለች። ምላሷን በጥርሷ ስትይዝ ጥርሷን ያመማት መሰለች። ሻይ ትያዝ ተባለና ብርጭቆውን አፏ ላይ አደረገች፤ ከንፈሯ ብርጭቆው ውስጥ ማውራቱን ቀጠለ፣ ሻዩም አብሮ ተንቦጫረቀ። ጎረምሳው ሳቁን መያዝ አቅቶት ይቅርታ እያለ ወጣ። ዳይሬክተሯ ደግ ልጅ ናትና ክፉ ቃል አልወጣትም። ሌላም ተዋናይት ልታይ መሆኗን ግን አልደበቀችም። እስከዚያ ይለማመዱ፣ ከነገ ወዲያ ይምጡ አለቻት።

ቤት ገብታ ስትናገር አማቷ ሳጥኗ ላይ የሰቀሉትን እግራቸውን ቀያይረው፣ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፣ ያገሬ ሰው ዝም ብሎ አልተረተውም አሉ። ከዚያም እሷን እያዩ፣ "ለመሆኑ እኔ ሳወራስ እንደዚያ ታደርጊያለሽ?" አሏት።

"እማማ፣ እርስዎንማ ማን ይቀድምዎታል" አለች ነገዬ። ባሏ በመሳቅና ባለመሳቅ መሃል ተሰንጎ ወደ ግቢ ወጣ።

ተከትላው ወጣች። መደርደሪያ እየሠራ ነው። አጠገቡ ቆማ ምርር ብላ ታወራለች፤ አርጅቼ ነው፣ ደንዝዤ ነው፣ የሰው አፍ ስለቅም የራሴን አፍ ጣልኩት፣ የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን እንዳልጥል ልተወውና ወደ ስቱዲዮዬ ልመለስ ትላለች። ባሏ እምም ይላል። አትሰማኝም እንዴ ስትለው እምም። ቀና ብላ አየችው። ከንፈሩ መሃል ሚስማር ነክሷል፤ እንደ ሁልጊዜው። ይኼ ሰውዬ ዕድሜ ልኩን ሲሠራ ሚስማሩን አፉ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፤ አንዱን አውጥቶ ይመታል፣ ሌላውን አውጥቶ ይመታል። ስትቆጣው አይመልስላትም፤ ትዳራቸው ሰላም ነው የሚባለውም ለዚህ ነው።

ነገዬ ጠጋ አለች። ከንፈሩን አየችው። ጭራሽ አይንቀሳቀስም። ዓይኑ ግን ያወራል፤ እየሰማሁሽ ነው፣ አይዞሽ፣ ደግሞ እሱን መሮ አቀብዪኝ ይላል።

"እስቲ ከዚያ ስጠኝ" አለችው።

ሚስማሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠራርጎ ሊሰጣት ሲል ሸሚዙ ከሚስማሩ በላይ መቆሸሹን አየ፤ የእሷን ቀሚስ ጫፍ ይዞ ጠረገላት። ሚስማር የነከሰ ከንፈር ራሱ ይጠነቀቃል፣ አይዞሽ አላት። እዚያው ሰጋቱራው መሃል ተቀመጡ። እሱ ስክሪፕቱን ይዞ ልጅ ሆነ፤ በዚያ ጎርናና ድምፁ፣ እማዬ እኔ መሄዴ ነው ይላል። አማቷ በመስኮት ሰምተው፣ ይኼ ልጅ ሲወለድ ጀምሮ መሄዴ ነው ይላል፣ እስከ ዛሬ ከዚህ ግቢ አልወጣም አሉ። ነገዬ ሚስማሩ አፏ ውስጥ እያለ ልትስቅ ብላ ልትውጠው ነበር። ደጋግመው ተለማመዱ። ባሏ በመጨረሻ የእሷንም ንግግር በቃሉ ያዘው።

ከነገ ወዲያው ሲደርስ ሚስማር ይዞ መሄድ ነውር መሰላትና የልብስ ስፒል ይዛ ሄደች። ዳይሬክተሯን ፈቃድ ስትጠይቃት ልጅቷ ግራ ገባት፤ ግን ይሁን አለች። ካሜራው ተከፈተ። ጎረምሳው መሄዴ ነው አለ። ነገዬ ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ፣ የቀሚሷን ጠርዝ እንደምትሰፋ ሁሉ አንዱን አውጥታ ሰካች፣ ሌላውን አውጥታ ሰካች። አፏ ስለታሰረ ያለው ሁሉ ወደ ዓይኗ ወጣ። አትጠብቂኝ ሲላት እጇ ቆመ። ከዚያ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣችና፣ "ሂድ" አለችው። "በሩን ግን እኔ አልዘጋውም።"

ካሜራማኑ አሁንም ጀርባውን ሰጣት። የአሁኑ ግን ዓይኑን ሊጠርግ ነው። ዳይሬክተሯም እናትየዋ ከዛሬ ጀምሮ ልብስ ሰፊ ናት ብላ ስክሪፕቱን እዚያው ለወጠችው።

ቀረጻው ሲያልቅ ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት ለሙከራ አንድ ከሰዓት ላይ ለሰው ታየ። የሠሩት ሰዎች፣ ዘመድ፣ ከመንገድም የተጠራ ነበር። አማቷ በጉልበታቸው ምክንያት ቀሩ። ነገዬና ባሏ መሃል ላይ ተቀመጡ። ፊቷ ስክሪኑን ሞላው። ያ ግድግዳ ላይ ተስሎ የነበረው ፊት፣ አሁን ዙሪያው ትንሽ ተጨማድዶ፣ ዓይኖቹ ግን ሁለቱም እኩል። ባሏ እጇን ያዘ። አዳራሹ እህ ሳይል ያያታል። ከፊታቸው ያለች ሴት ገና ምንም ሳይነገር አፍንጫዋን ትስባለች።

ከዚያ ነገዬ ስፒሎቹን አወጣችና፣ ሂድ አለች።

ከኋላ አንዱ፣ "ወይኔ፣ ከደረጃ ልትገፋው ነው!" አለ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ክፋት የለውም፤ ሰዎቹ ያቺን ድምፅ በየቤታቸው ያውቋታል። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ አልሆነም። ልጄ ስትል ይሳቃል፣ ብርድ እንዳይመታህ ስትል ይሳቃል፣ ስታለቅስ ደግሞ ውሸቷን ነው ይባላል። ዝም ያለች እንደሆነ ግን ሰው ይረጋል፣ ያለቅሳል። ነገዬ ሁሉን ቁጭ ብላ ሰማችው።

ሲወጡ ዳይሬክተሯ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀቻት። ልጅቷ ጥፍሯን በልታ ጨርሳለች። ሰው እናትየዋን ሳይሆን ያቺን ክፉ አማት እየሰማ ነው፣ እንዲህ ሆኖ አይወጣም አለች። አንድም እርስዎ ያሉበትን ሁሉ በሌላ ተዋናይት እንደገና መቅረጽ ነው። አንድም ፊትዎ ይቆይና ድምፁን ሌላ ሰው ይናገረው። እኔ መወሰን አልቻልኩም፣ እርስዎ ይበሉኝ አለቻት።

ነገዬ ነገ እነግርሻለሁ ብላ ወጣች። ከባሏ ጋር በእግራቸው ነው የተመለሱት። ባሏ አፉ ውስጥ ሚስማር የለም፤ ኪሱን ግን ሚስማር እንደሚፈልግ ሰው ይዳብሳል። መንገድ ላይ ያለ የቴሌቪዥን መሸጫ መስኮት ጋ ሲደርሱ ነገዬ ቆመች። ያቺ ክፉ አማት መስታወቱ ውስጥ ሆና አፏን ትከፍታለች ትዘጋለች፤ ድምፅ ወደ ውጭ አይመጣም። ነገዬ ሳታስበው ከንፈሯ አብሮ መሄድ ጀመረ። ከዚያ አቆመችው።

"ለስንቷ የሰው አገር ሴት አፍ ሆኜላታለሁ" አለች። "ይቺ ሴትዮ ፊቷ ብቻ እኛ ጋ መጣ፤ ድምጿ አገሯ ቀረ። አንድ ቀን እንኳን ምን ይሰማት ይሆን ብዬ አላውቅም።"

"ታዲያ ምን ልትያት ነው?" አላት ባሏ።

ለክፉዋ አማት ይሁን ለዳይሬክተሯ አልገባትም፤ እሱም አላብራራም። ከመስታወቱ ዞር ብላ፣ ፊቴ ይቆይ፣ ግን ድምፁን የምታወራዋን እኔ ነኝ የማስተምራት አለች።

ስቱዲዮ ውስጥ ካሉት አንዷን፣ ሳቅ የምትወድ ቀጭን ልጅ መረጠች። ያን ቀን የድምፅ ባለሙያው ጸጥታ መቅረጫው ጋ ተቀምጦ ነገዬን ቀና ብሎ ማየት ከበደው። ሁልጊዜ ጮክ ብሎ የሚላትን ጸጥታ ያን ቀን የተኛ ሰው እንዳይነቃበት ያህል ሹክ አላት። ስክሪኑ ላይ የነገዬ አፍ ስፒል ይዟል። ልጅቷ ማይኩ ላይ ቆማለች፤ ነገዬ ከጎኗ።

"እዚህ ጋ አትቸኩዪ" አለቻት። "ሂድ ከማለቷ በፊት ምራቋን ትውጣለች። ስትውጥ አብረሽ ዋጪ።"

"ለምንድን ነው የምትውጠው?" አለች ልጅቷ።

"ልታስቀረው የፈለገችበት ቃል አለ፤ እሱን ነው የዋጠችው።"

"እንዴት አወቅሽ?"

"እኔ ነኛ" አለች ነገዬ። ልጅቷ የረሳችው ነገር የታወሳት ያህል ደንገጥ ብላ ስክሪኑንና እሷን አፈራርቃ አየች። ከዚያ በኋላ አልሳቀችም፤ በደንብ ሠራችው። ነገዬ እውነቱን ተናገረች፤ ጥሩ ነው አለች፤ ጥሩም ነበር።

ፊልሙ ወጣ። ኮከብ የሚያደርግ ባይሆንም ሰው አይቶት ወደደው። ሱቅ ሄዳ ሳሙና ስትጠይቅ ባለሱቁ ራሱ ስለ ፊልሙ አነሳላት፤ ድምፁ ሌላ ነውና እሷ መሆኗን አልጠረጠረም። እስቲ ያቺን ልብስ ሰፊዋን እዪአት፣ እናት ማለት እሷ አላት። ስፒሏን ከአፏ ስታወጣማ እኔ ወንዱ አለቀስኩ። "አንቺም እንደሷ አንድ ቀን ደግ ሴት ብትሆኚ ምናለበት?" አላት። ነገዬ አሰበችበት። ልትነግረው አፏን ከፈተች። ከዚያ ሐሳቧን ቀየረችና በዚያች በክፉዋ አማት ድምፅ፣ ሳሙናዬን ስጠኝና ሳልገፋህ ዞር በል አለችው። ሱቁ በሳቅ ፈረሰ።

ቅዳሜ ከሰዓት ዳይሬክተሯ የሰጠቻትን ፍላሽ ባሏ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካ። አማቷ እንዲያዩት ነው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ እግራቸውን ሳጥኗ ላይ ሰቀሉ። ፊልሙ ጀመረ። እናትየዋ እስክትናገር ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩ። አንዴ ብቻ፣ አቤት ዓይን፣ ያወራል እኮ አሉ። ከዚያ እናትየዋ ተናገረች።

አማቷ ከሶፋው ቀና አሉ። ቴሌቪዥኑን አዩ፣ ነገዬን አዩ። "ይቺ ማናት?" አሉ። "ፊቱ ያንቺ ነው። ድምፁን ከማን ተዋስሽው?"

ነገዬ ልታስረዳ ጀመረች፤ ሰው ሳቀ፣ እንዲህ ሆነ፣ እንዲያ ሆነ። አማቷ እጃቸውን አወናጨፉ። እዚህ ቤት የሳቀ ሰው የለ፣ ደረጃም የለን፣ አንቺም ማንንም ገፍተሽ አታውቂ፤ ያቺን የውሰት ድምፅ ዝም አሰኝልኝ አሉት ልጃቸውን። አናጺው ድምፁን እስከ መጨረሻው ቀነሰው።

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ጎረምሳው አፉን ይከፍታል። ነገዬ አማቷ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ፈራች፤ ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ድምፅ ገባበት። "እማዬ፣ እኔ መሄዴ ነው" አለች በጎረምሳው ፈንታ። የጎረቤቷን፣ የአውቶብስ ረዳቱን፣ የሁሉንም ተናገረች፤ የሁሉንም ታውቀዋለች። የራሷ ተራ ሲመጣ ደግሞ የስክሪኑ ሴት ምራቋን ስትውጥ አብራ ዋጠች። "ሂድ" አለች። "በሩን ግን እኔ አልዘጋውም።" ፊቷና ድምጿ የፀጉር ያህል እንኳን ሳይለያዩ ባንድ ላይ ሄዱ። ቀና ስትል ባሏን አየችው። በሩ ጋ ቆሞ፣ ሳይታወቀው፣ ከንፈሩ ከእሷ ጋር አብሮ ያወራል።

እስከ መጨረሻው እንዲያ ሆነ። ሲያልቅ ጉሮሮዋ ደርቋል። አማቷ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። እሳቸው ዝም ሲሉ ደግሞ ያስፈራል።

"እማማ?" አለች ነገዬ።

"ውሃ ጠጪ" አሏት። ከዚያ እግራቸውን ከሳጥኗ ላይ አወረዱና በእግራቸው ጫፍ ወደ እሷ ገፋ አደረጓት። "ምንጣፉ ይበርድሻል፣ እዚህ ላይ ቁጭ በይ። ከመጀመሪያው አስጀምረው፤ ቅድም ስሰማሽ ማየቱን ረሳሁት።"

ነገዬ ውሃዋን ጠጥታ ሳጥኗ ላይ ተቀመጠች። አናጺው ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰው። ማንም ሳያወራ፣ እንደ ስቱዲዮው ባለሙያ ጮክ ብሎ፣ "ጸጥታ!" አለ።